ጋሽ ገለታና አርባው ጽዋ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ እችላለሁ ባይ የሌለበት ግቢ ካገኛችሁ ንገሩኝ፤ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። እችላለሁ ባይ ማለት ቁም ሣጥን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ «አንዱን ጫፍ ልያዝልህ?» ብትሉት እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ነው። ቆርቆሮ ሊጠግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ መሰላሉ ቢወድቅበት «ኧረ ድረሱልኝ!» ከማለት እዚያው ቁጭ ብሎ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ሆስፒታል ቢተኛ አልጋውን ራሱ ያነጥፋል። ፈቃዱ ቢጠየቅ፣ በሞተ ቀንም የሬሳ ሣጥኑን አንድ ማዕዘን ቢይዝ ደስታውን አይችለውም።

የዚህ ነገድ ዋና አለቃ የሚገኙት እኛ ሰፈር፣ ቀጨኔ ነው። ክቡር ጋሽ ገለታ ይባላሉ። ግንበኛ ናቸው፤ የእትዬ ጌጤ ባል፣ የሲና አባት፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን። ከዳገቱ ጫፍ እስከ ታች ወንዙ ድረስ ካለው የድንጋይ አጥር ግማሹን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሸጎሌ በኩል አዳዲስ ቤቶች መሠራት ሲጀምሩም ጥሩ ግንበኛ የፈለገ ሁሉ እሳቸውን ይጠራ ነበር። ረዳት ግን አይበረክትላቸውም። ድንጋይ ሊያቀብል ሲያጎነብስ ጋሽ ገለታ ቀድመው አንስተውታል፤ ሲሚንቶ ሊያቦካ አካፋ ሲፈልግ አካፋው እሳቸው እጅ ላይ ነው። አንዱ ረዳታቸው «ጋሼ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት እርስዎን ቆሜ ለማየት ነው እንዴ?» ብሎ በሦስተኛው ቀን ቀረ።

«ተወው፣ እኔው እችላለሁ።» ይህቺ ናት የጋሽ ገለታ ቃል። እትዬ ጌጤ እንደሚሉት ከሆነ፣ ሠርጋቸው ላይ ፓስተሩ «በደስታም በኀዘንም ጊዜ ልታኖራት...» ብለው ገና ጥያቄውን ሳይጨርሱ ሙሽራው «እችላለሁ!» ብለው ምእመኑን አስቀውታል።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ከዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ በፊት፣ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው፣ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው። በአንድ ቀን አልሆነም። መጀመሪያ ሻዩ ከብርጭቆው ወደ ሸሚዛቸው መውረድ ጀመረ። ቀጥሎ ቁልፉ የበሩን ቀዳዳ አልፎ እንጨቱን ይወጋ ጀመር። ከዚያ አዝራር ነበር፤ አንዲት አዝራር ለመቆለፍ የቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያው ደወል ተደውሎ ሁለተኛው እስኪደወል ይታገሏታል። እትዬ ጌጤ እጃቸውን ሲዘረጉ መልሱ የታወቀ ነው። ግንቡ ያው እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ግንበኛው ግን እግራቸውን አንፈራጥጠው፣ ግራና ቀኝ እየተወላገዱ፣ አንድ እጃቸውን ራሳቸው የገነቡት አጥር ላይ እየጣሉ ነው ዳገቱን የሚወጡት። በመጨረሻ ምላሳቸውም ከበደ። ቃላቱ እርስ በርስ እየተደነቃቀፉ ይወጡ ጀመር።

የሚንገዳገድ እግር፣ የሚተሳሰር ምላስ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ። ቀጨኔ ለዚህ ምርመራ ሐኪም አያስፈልጋትም። ጠጥቷል!

መጀመሪያ የተናገረው አንድ ወያላ ነው። ጋሽ ገለታ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሸጎሌ ሥራ ሊሄዱ ሚኒባሱ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ፣ እግራቸው መርገጫውን ስቶ በሩን ታከኩት። «ፋዘር፣ በጠዋቱ ነው እንዴ? ሂድና ተኛ በቃ» አላቸው ወያላው፣ በሩን እየዘጋ። ሹፌሩ ሳቀ፤ ተሳፋሪውም ሳቀ። ጋሽ ገለታ ደግሞ ከእነሱ ጋር አብረው ሳቁ፤ ቀልዱ ስለ ማን እንደሆነ አልገባቸውም ነበር። በእግራቸው እስከ ሸጎሌ ሄዱ።

ወሬው ከሚኒባሱ ወርዶ ቤተ ክርስቲያን ገባ። እኛ ዘንድ ደግሞ መጠጥ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ሠርግ የምንደግሰው በለስላሳ ነው። ዲያቆን ጠጣ ማለት የጣሪያው ምሰሶ በነቀዝ ተበላ ማለት ነው። ነገር ግን ማን ይጠይቃቸው? ማንም አልጠየቃቸውም። ከዚያ ይልቅ ምእመኑ የራሱን ዘዴ ፈጠረ፤ ይኼን ዘዴ ያየሁት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የትም አይደለም። ሰላምታው ረዘመ።

ድሮ ጋሽ ገለታን በእጅ የሚጨብጥ ሰው ጉንጭ ለጉንጭ ይስማቸው ጀመር። ሦስት ጊዜ ይስም የነበረው ወደ አምስት ከፍ አለ። አንገታቸው ሥር ገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ትንፋሽ ስቦ የሚወጣ ሆነ። ወይዘሮ አጸደ፣ የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢያችን፣ አንድ እሑድ ስድስት ጊዜ ሳሟቸው። ያገኙት ሽታ የቅርንፉድ ብቻ ነበር። ጋሽ ገለታ ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ ያኝኩ ነበር። ይኼ ነገሩን አባሰው፤ ሽታ የማይደብቅ ሰው ምን ቆርጦት ነው ጠዋት ጠዋት ቅርንፉድ የሚያኝከው?

ጋሽ ገለታ ግን ቤታቸው ገብተው ለሚስታቸው «ጌጤ፣ ይኼ ሕዝብ እንዴት እንደወደደኝ ብታዪ!» ይሉ ነበር። 

የዲያቆናት ኅብረት ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ስሜ ቤዛብሕ ነው። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ የጌታ እራት ሲኖር፣ ኅብስቱንና ጽዋውን ማን እንደሚያድል ተራ የማወጣው እኔ ነኝ። አርባ ትንንሽ ጽዋ የሚይዘውን ባለቀዳዳ ትሪ ከፊት ጠረጴዛ አንስቶ በመካከል መተላለፊያ ይዞ እያንዳንዱ ረድፍ ጫፍ ላይ ማቀበል ጋሽ ገለታ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ምትክ የሠሩት አገልግሎት ነው። ያን ወር፣ ማንም ሳያዘኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው በሚያመሰግነው የእጅ ጽሑፌ ስማቸውን ትቼ የሌላ ሰው ስም ጻፍኩ። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጋሽ ገለታ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወጡ።

በሳምንቱ ሦስት ሆነን ቤታቸው ሄድን፤ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ አቶ ሐብታሙ፣ ወይዘሮ አጸደና እኔ። እትዬ ጌጤ ዳቦና ሻይ አቀረቡ። ሻዩን ልቅዳ ሲሉ ክቡርነታቸው ማንቆርቆሪያውን ነጠቁ፤ «ተዪው፣ እኔው እችላለሁ።» ግማሹ ብርጭቆ ገባ፣ ግማሹ የአቶ ሐብታሙ ጉልበት ላይ ወረደ። ሦስታችንም ተያየን።

አቶ ሐብታሙ ነገር በቀጥታ መናገር አይሆንላቸውም። ጸለዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ከዘፍጥረት ጀመሩ። «ጋሽ ገለታ፣ ኖኅ በትውልዱ ጻድቅ ሰው ነበር።»

«አሜን» አሉ ጋሽ ገለታ።

«ጻድቅ ነበር፤ ግን... ወይን ተከለ።»

ጋሽ ገለታ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «ለእራቱ ጽዋ የሚሆን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ እንትከል ነው የምትለው? ጥሩ ሐሳብ ነው! ከጓሮ በኩል ቦታ አለ። ቁፋሮውን ተዉት፣ እኔው እችላለሁ።»

አቶ ሐብታሙ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመርኩ። ወይዘሮ አጸደ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ገለታ፣ በጌታ ስም፤ መጠጥ ጀምረሃል ወይስ አልጀመርክም?»

እትዬ ጌጤ የያዙት የዳቦ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። «በኔ ቤት? ሠላሳ ዓመት አንዲት ጠብታ ባልገባችበት ቤት?» አሉ። ጋሽ ገለታ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው መሀል ላይ ቆመ። አንድ በአንድ አዩን።

«እና ያ ሁሉ መሳሳም» አሉ፣ ከቃል ቃል እየታገሉ፣ «ያ ሁሉ... ልታሸቱኝ ነበር?»

 በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

ጋሽ ገለታ «አባቴንም እንዲህ ነበር የሚሉት» አሉ። አባታቸው ቶለሳ ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ በኩል ገበሬ ነበሩ። ጎልማሳ ሲሆኑ እግራቸው መንገዳገድ፣ ምላሳቸው መተሳሰር ጀመረ። አገሩ ሁሉ «ሰካራሙ ቶለሳ» አላቸው፤ በዚያው ስም ተቀበሩ። «እኔም አምኜ ነበር» አሉ ጋሽ ገለታ። «ገበያ አብረን ስንሄድ ከመንገዱ ማዶ ነበር የምሄደው። ልጁ መሆኔ እንዳይታወቅ።» ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ የቶለሳ ስም ከመቃብር በላይ አርባ ዓመት ሙሉ ሲንገዳገድ ኖሯል።

ሲና ጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሲና ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነው የምትሠራው፤ ዘር ትሰበስባለች፣ ችግኝ ትከታተላለች፤ ከእናት ተክል ወደ ልጅ ተክል ምን እንደሚተላለፍ ማወቅ ሥራዋ ነው። «አባዬ፣ አያቴም እንደዚህ ነበር? ለምንድነው ያልነገርከኝ?» አለቻቸው።

«ሰካራም ነበር ብዬ ነዋ፤ ምኑን ልንገርሽ?»

«ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች ሲና። ጋሽ ገለታ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምን ሊሉ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ልጅቷ ቀደመቻቸው። «ይኼን እንኳ ብቻህን አትችለውም።»

ከአንዱ ቀጠሮ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ወረፋ ወደ ሌላው፣ ወራት ወሰደ። በመጨረሻ የነርቭ ሐኪም ፊት ቀረቡ። ሐኪሙ ጣትዎን አፍንጫዎ ላይ ያድርጉ፣ መልሰው የኔን ጣት ይንኩ አላቸው፤ ጣታቸው ጆሮአቸውን ጎብኝታ ተመለሰች። ተረከዝዎን ከጉልበትዎ እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ያንሸራትቱ አላቸው፤ ተረከዙ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ወረደ። በመጨረሻ በወለሉ ንጣፍ መስመር ላይ እግርዎን እያስከተሉ ይራመዱ ሲላቸው፣ ጋሽ ገለታ ጎንበስ ብለው መስመሩን በአንድ ዓይን አዩት። «ዶክተር፣ መስመሩ ራሱ ጠማማ ነው። ማነው ይኼን ያነጠፈው?» ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ጭንቅላታቸውን ኤም አር አይ በሚባል መሣሪያ አስነሥተው ተመለሱ፤ ሐኪሙም ፎቶውን እያሳየ ነገራቸው። ከጭንቅላታችን በስተኋላ፣ ከታች፣ ንዑስ አንጎል የሚባል አለ። እጅና እግር እንዲንቀሳቀስ ትእዛዝ ሲወጣ ልኩን የሚለካው፣ እግርን ከእግር እጅን ከዓይን የሚያስማማው እሱ ነው። የጋሽ ገለታ ጡንቻ ምንም አልሆነም፤ ልኩ ነው የጠፋው። አታክሲያ ይባላል። ብዙ ዓይነት አለው፤ የእርስዎ ከቤተሰብ የመጣ ይመስላል፤ የሚያጠፋው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ግን በልምምድ ብዙ ነገር መሥራት ይቻላል አላቸው። ጋሽ ገለታ የሰሙት ሁሉ ከገባቸው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ታዲያ ለምንድነው ሰካራም የምመስለው?»

«መጠጥ ሰውን የሚያንገዳግደው ይቺኑ ቦታ ነክቶ ነው» አለ ሐኪሙ። «ስለዚህ ጋሼ፣ እርስዎ ሰካራም አይመስሉም። ሰካራሙ ነው እርስዎን የሚመስለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ ዓረፍተ ነገር የቀጨኔ ሕገ መንግሥት ሆነች። ጋሽ ገለታ ለሱቁ፣ ለጫማ ጠጋኙ፣ ዕቃ ለሚያቃጥሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ለሸጎሌ በግ ነጋዴ ሁሉ ነገሯት። ያን ወያላ ፈልገው አገኙት፤ ሚኒባሱን በር ይዘው አቁመው፣ ንዑስ አንጎል የት እንዳለ በገዛ ማጅራቱ ላይ በጣታቸው አሳዩት። ጣታቸው መጀመሪያ ዓይኑን ልትወጋው ነበር። ወያላው እስከ ዛሬ «ጋሼ መጡ፣ ተነሡላቸው!» እያለ የፊት ወንበር ያስለቅቃል፤ ጋሽ ገለታም እስከ ዛሬ የኋላው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

ለልጃቸውም ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ አልደበቀም። ሲናም ሊመጣባት ይችላል፤ ላይመጣባትም ይችላል።  ወደ ቤት ሲመለሱ ሲና ነገሩን ራሷ አነሣች። «ቢመጣብኝም ስሙን አውቀዋለሁ፣ አባዬ። አያቴ ስሙን እንኳ አላወቀም» አለቻቸው።

የምስክርነት እሑድ ጋሽ ገለታ መድረክ ላይ ወጥተው ሁሉንም ተናገሩ፤ ስለ ንዑስ አንጎል፣ ስለ አባታቸው፣ ስለ ቅርንፉዱም። ጉባኤው አለቀሰ። ከሁሉ በላይ ያለቀሱት ወይዘሮ አጸደ ናቸው፤ ስድስቱን መሳም አስታውሰው ነው። እኔም አለቀስኩ። ካለቀስን በኋላ ግን ሌላ ጥፋት ሠራን። ጋሽ ገለታን ከሰካራምነት አንሥተን ወደ ምስኪንነት አዛወርናቸው። ከፊት ረድፍ ላይ ባለ ትራስ ወንበር ተዘጋጀላቸው። ሁለት ወጣቶች ከበር ጀምረው ብብታቸውን ይዘው ያስገቧቸዋል። አቶ ሐብታሙ «እርስዎ እንግዲህ ተቀምጠው ይባርኩን» አሏቸው። እችላለሁ ባይን ትራስ ላይ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁለት ወር ታገሡ። በሦስተኛው ወር የዲያቆናት ስብሰባ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ገቡና «ትሪዬን መልሱልኝ» አሉ።

አቶ ሐብታሙ ደነገጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ለቅዱስ ነገር ከመጠን በላይ የሚጠነቀቁ ናቸው። «ወንድም ገለታ፣ አርባ ጽዋ ነው። የጌታ ደም መታሰቢያ ነው። ሕዝብ ፊት ቢፈስስብዎስ?»

«ሐብታሙ» አሉ ጋሽ ገለታ፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያስቀመጡ፤ «እሱ መጀመሪያስ የፈሰሰው እንደ እኔ ላለው አይደለም እንዴ?»

 በሚቀጥለው ወር እራት አንድ ጊዜ እንዲሞክሩ ተፈቀደላቸው፤ አቶ ሐብታሙ ግን ትሪው ከተደፋ ነገሩ በዚያው እንደሚያበቃ ተናገሩ። ስንወጣ እኔ፣ አፌ አያርፍም፣ «ጋሽ ገለታ፣ ይኼን ያህል ለምን ይሻሉ? ሌላ አገልግሎት ሞልቶ የለ» አልኳቸው። ቆሙ። ሲናገሩ ሁልጊዜ ይቆማሉ። «ቤዛብሕ፣ እኔ አባቴን አይቼ ያፈርኩ ልጅ ነኝ። ይኼ ነገር ነገ ሲና ላይ ሊመጣ ይችላል። በሽታው የመጣበት ሰው ምን እንደሚሆን ማወቅ የምትችለው እኔን አይታ ነው። ትራስ ላይ የተቀመጠ ሰው እንድታይ አልፈልግም» አሉኝ። 

ያን ወር ጋሽ ገለታ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እንዲረዳቸው ፈቀዱ። ሮዳስ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን ታሠራቸው ነበር፤ ቁመቷ ትከሻቸው ላይ አይደርስም፣ ትእዛዟ ግን የጦር መኰንን ነው። ክርንዎን ከጎንዎ ያጣብቁ። እግርዎን ያስፉ። ከመዞርዎ በፊት ይቁሙ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፤ ሲሄዱ አያውሩ፣ ሲያወሩ አይሂዱ።

ይቺ የመጨረሻዋ ቀጨኔ ላይ እንዴት ትሠራለች? እዚህ ሰውን ዝም ብሎ ማለፍ ጠብ ነው። ጋሽ ገለታ ሱቅ ለመድረስ በአሥራ አራት በር ፊት ያልፋሉ፤ በየበሩ «ደህና አደሩ?»፣ «እትዬ ጌጤስ?»፣ «ሲናስ?»፣ «ጉልበትዎስ?» አለ። ለእያንዳንዱ መቆም ግድ ሆነ። ለሁለት ዳቦ ወጥተው አንድ ሰዓት ይቆያሉ። በመጨረሻ ራሳቸው አዋጅ አወጁ፤ «ስቆም ሰላም በሉኝ፣ ስሄድ ተዉኝ!» ሰፈሩም ተቀበለው። ዛሬ ቀጨኔ ዳገት ላይ ጋሽ ገለታ ሲራመዱ ሰው ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ቆም ሲሉ ከአራት አቅጣጫ ሰላምታ ይወርድባቸዋል።

ሮዳስ አንድ ቀን እጃቸው ላይ የአሸዋ ከረጢት አሠረችና ብርጭቆ አስያዘቻቸው። መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ክብደት ለአንዳንድ ሰው ይረዳል፤ የእርስዎ እጅ ወዶታል አለቻቸው። ግንበኛን ስለ ክብደት ማን ያስተምራል? ያኑ ቀን ከቤታቸው ጓሮ ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠው፣ ጠርበው፣ በትሪው ልክ አድርገው ከሥሩ ገጠሙት። እኔ ለማንሣት ሞክሬ ወገቤን አሞኛል።

ልምምዱ እቤት ተጀመረ። የእትዬ ጌጤ ብርጭቆዎች በየተራ ካለቁ በኋላ ወደ ፕላስቲክ ተሸጋገረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሲና ወደ እጽዋት ማዕከሉ ትወስዳቸዋለች፤ እዚያ ሰፋ ያለና ለመውደቅ የሚመች ሣር ያለው መንገድ አለ። ከዛፎቹ መሀል አንድ ሽማግሌ ሰው፣ እግራቸውን አንፈራጥጠው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ውኃ የሞላ አርባ ትንንሽ ኩባያ በትሪ ይዘው ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። አንድ ጎብኚ ቤተሰብ የግቢው መስተንግዶ መስሏቸው እያመሰገኑ አምስቱን አንሥተው ጠጡ። ጋሽ ገለታ እየሄዱ ስለነበር መናገር አልቻሉም።

ወደቁም። ሁለት ጊዜ ግንባራቸው ተሰንጥቋል። አንድ ቅዳሜ ሣሩ ላይ ወድቀው አርባው ኩባያ ሲበተን፣ ሲና ላንሣህ ብላ ስትሮጥ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ያቺን የለመድናትን ቃል ስትጠብቅ «እጄን ያዢው፣ ልነሣ» አሏት። ሲና ይኼን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እየሳቀች ነበር።

እሑዱ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ መቅረት የለመዱት ሁሉ መጥተዋል። ወይዘሮ አጸደ ዘቢብ ቀቅለው የጨመቁት ቀይ ጭማቂ በአርባው ጽዋ ተሞላ። ጋሽ ገለታ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉና ትሪውን ከነድንጋዩ አነሡ። ክርን ከጎን። እግር ሰፋ። መዘምራኑ፣ ሲናም ከመሀላቸው፣ መዝሙር ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ መዝሙሩና ጋሽ ገለታ አልተስማሙም። ዜማው ይቸኩላል፣ እሳቸው ይዘገያሉ። አንደኛው ረድፍ ደረሱ፣ ቆሙ፣ አቀበሉ፣ ተቀበሉ። ሁለተኛው። ፒያኖ የሚጫወተው ዓይኑን ከሳቸው እግር ላይ መንቀል አቅቶት ነበርና ሳያውቀው ጣቱ ዘገየ። መዘምራኑ አብረውት ዘገዩ። ጉባኤውም ዘገየ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ ሦስት መቶ ሰው በጋሽ ገለታ እርምጃ ልክ ነበር የሚዘምረው፤ እሳቸው ሲቆሙ ቃሉን ይዘን እንቆያለን፣ እግራቸውን ሲያነሡ እንቀጥላለን። ያን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን አምሮ ሰምቼው አላውቅም።

አራተኛው ረድፍ አጠገብ ምንጣፉ ታጥፎ ነበር። እግራቸው ያዘው። ትሪው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ ሁለት ጽዋ ዘለለና የወይዘሮ አጸደ ነጭ ነጠላ ላይ አረፈ። አቶ ሐብታሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ጋሽ ገለታ እግራቸውን አስፍተው፣ ዓይናቸውን ትሪው ላይ ተክለው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። መቼም ያቺ ደቂቃ ረዘመችብኝ። ወይዘሮ አጸደ ነጠላቸውን አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው፣ ሁሉ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «ቀጥል ገለታ፣ ይታጠባል» አሉ። አቶ ሐብታሙም ቁጭ አላሉም፤ ከወንበራቸው ወጥተው ተንበረከኩና እስከ መጨረሻው ያለውን የምንጣፍ እጥፋት በእጃቸው እየዘረጉ ከፊት ከፊታቸው ሄዱ።

ትሪው ባዶ በሆነ ቁጥር ሌሎቹ ዲያቆናት የተሞላ ጽዋ እየተኩበት፣ አሥራ አንዱም ረድፍ ተዳረሰ። ጋሽ ገለታ ባዶውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ የድንጋዩ ድምፅ ዷ ብሎ ተሰማ፤ ጉባኤው እልል አለ። የጌታ እራት ላይ እልልታ እኛ ዘንድ አልተለመደም። ሲና መዝሙሩን አቋርጣ ወርዳ አቀፈቻቸው፤ «አየሁህ፣ አባዬ። በደንብ አየሁህ» ስትል ሰማኋት።

በሽታው የትም አልሄደም። የዛሬ ዓመት ትሪውን ይችሉ እንደሆነ ሮዳስም አታውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። በማግስቱ ሰኞ የሚቀጥለውን ወር ተራ ልጽፍ ቢሮ ስገባ ግን ክቡር ጋሽ ገለታ ቀድመውኝ ገብተው ወጥተዋል። ወረቀቱ ላይ ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። ሦስት ፊደል ናት፤ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች፣ «ታ» ከወረቀቱ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለቀችው። አቶ ሐብታሙ ሊያዩት ገብተው «ቤዛብሕ፣ ባንተ ጽሑፍ ይገልበጥ እንጂ፤ ይኼ ምን ይነበባል?» አሉኝ።

«ገለታ ይላል» አልኳቸው። ከሥሩ በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ «ረዳት» ብዬ የራሴን ስም ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።